አንድ ዕትም እስኪወጣ፦ ከደሴ የጆርናል ኤዲተር የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር አጋማሽ

ቀን ቀን አስተምራለሁ። ማታና ቅዳሜ የአንድ ሳይንሳዊ ጆርናል ኤዲተር ነኝ። ጆርናሉ ትንሽ ነው። አብዛኛው ፔፐር (የጥናት ጽሑፍ) የሚመጣልን ከዚሁ ከወሎ ነው፤ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ። አልፎ አልፎ ከሌላ ክልልም ይላክልናል።

ወጣት መምህራን ባገኙኝ ቁጥር የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው። "ፔፐራችንን ከላክን በኋላ ውስጥ ምንድን ነው የሚደረገው? ለምንስ ይህን ያህል ይቆያል?" ይሉኛል። ቆሞ በአጭሩ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ቀጣዩን ዕትም ከመነሻው እስኪወጣ ድረስ እየሠራሁ ልጽፈው አሰብኩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በግምገማ ላይ ያለ ፔፐር ምስጢር ነው። ስለዚህ ርዕስም ስምም አልጠራም። ባለቤቶቹ እንዳይታወቁም ቁጥሮችን ለውጫለሁ። የገጠመን ችግር ግን እንዳለ ነው።

ኅዳር 20

ዋና አዘጋጃችን ፔፐሮቹን አከፋፈሉን። የጤናውና የአካባቢ ሳይንሱ ወደ እኔ መጣ። የግብርናውንና የማኅበራዊ ሳይንሱን ሌላ ባልደረባዬ ወሰደ።

መጀመሪያ የማደርገው ፔፐሩ ወደ ሪቪወር፣ ማለትም ወደ ገምጋሚ ባለሙያ፣ መሄድ ይገባዋል ወይ ብሎ ማየት ነው። የጆርናሉ ዘርፍ ነው? ሰው ላይ የተሠራ ጥናት ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አለው? ዘዴው የተጻፈው ሌላ ሰው ሊደግመው በሚችል መልኩ ነው? እዚህ ላይ የሚወድቅ ፔፐር ካለ ቶሎ ልነግረው ይገባል። "አይሆንም" የሚለውን መልስ ሰው ወራት ጠብቆ መስማት የለበትም። በሳምንት ውስጥ ከነገርኩት አስተካክሎ ሌላ ጆርናል ይሞክራል።

ቀጥሎ የሲሚላሪቲ ሪፖርት አለ፤ ጽሑፉ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ሶፍትዌር የሚያወጣው ነው። ዛሬ ሁለት ሪፖርቶችን ጎን ለጎን ከፈትኩ። አንዱ 27 በመቶ ይላል። ሌላው 11 በመቶ። ብዙ ሰው 27ቱ የተቀዳ፣ 11ዱ ንጹህ ነው ብሎ ያስባል። ሶፍትዌሩ ግን ስርቆትን አያውቅም። የሚቆጥረው የተመሳሰለ ቃል ብቻ ነው።

27 በመቶውን መስመር በመስመር አየሁት። ቀለም የተቀባው የማጣቀሻ ዝርዝሩ፣ የተቋሙ ስም፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱ አረፍተ ነገርና የላብራቶሪ ዘዴው መደበኛ አገላለጽ ነው። እዚህ ሦስት ቃል፣ እዚያ አራት ቃል። ምንም ችግር የለውም። 11 በመቶ በተባለው ግን አንድ ሙሉ አንቀጽ ከሌላ ሰው ጽሑፍ እንዳለ ተወስዶ ውይይቱ ውስጥ ገብቷል። ምንጭ አልተጠቀሰም። በመቶኛ ትንሽ ነው። የተወሰደው ግን የጽሑፉ ዋና ክርክር ነው።

ለጸሐፊዋ ደብዳቤ ጻፍኩ። አልከሰስኳትም። "ገጽ 9 ላይ ያለው አንቀጽ ከዚህ ጽሑፍ ጋር ቃል በቃል ይመሳሰላል። የእርስዎ ግኝት ይህን ሐሳብ ይደግፈዋል ወይስ ይቃረነዋል? በራስዎ አገላለጽ ጽፈው ምንጩን ይጥቀሱ" አልኳት። ሙሉ ፔፐር ተቀድቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የአንድ ጀማሪ አንቀጽ ግን ማስተማሪያ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

የእኛ ጆርናል ግምገማ በሁለቱም በኩል ስም አልባ ነው። ሪቪወሩ ጸሐፊውን አያውቅም፣ ጸሐፊውም ሪቪወሩን አያውቅም። በደንቡ ላይ እንዲህ ነው። እኛ አካባቢ በተግባር እንዲህ እንዲሆን ግን ሥራ ይጠይቃል።

ስም ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ማጥፋት አይበቃም። የወርድ ፋይሉ ራሱ ባሕርዩ ውስጥ የጸሐፊውን ስም ይይዛል። ኮምፒውተሩን ያዋሰው ጓደኛ ስም የሚወጣበትም ጊዜ አለ። "ቀደም ሲል ባደረግነው ጥናት (3)" ብሎ መጻፍም ማንነትን መናገር ነው። መጨረሻ ላይ ያለው የምስጋና ክፍልም አማካሪውን በስም ይጠራል። ከፋይሉ አጠፋለሁ፣ አረፍተ ነገሩን "ቀደም ሲል በተደረገ ጥናት" እንዲሉ አደርጋለሁ፣ ምስጋናውን ለብቻው አስቀምጠዋለሁ።

ከዚያ የሚከብደው ይመጣል፤ ሪቪወር ማግኘት። ከፔፐሩ ማጣቀሻ ውስጥ በጉዳዩ ላይ የጻፉ ሰዎችን እፈልጋለሁ። ግን የጸሐፊው አማካሪ የነበረ አይሆንም። አንድ ዲፓርትመንት የሚሠሩም አይሆኑም። በቅርብ አብረው ያሳተሙም አይሆኑም። እኛ ዘንድ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። አብሮ የተማረ፣ አብሮ የተቀጠረ፣ አማች የሆነ ይበዛል። ስለዚህ የአንድ ርዕስ ሁለት ገለልተኛ ሪቪወር ለማግኘት ጎንደርም ጅማም መቀሌም ኢሜይል እልካለሁ።

ኢሜይል ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስልክ ይሻላል። ዛሬ አንድ ጡረታ የወጡ የማኅበረሰብ ጤና ምሁር ጋ ደወልኩ።

"ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ። አንቺስ? ቤተሰብ?"

"ሁሉም ደህና ነው። ጋሼ፣ አንድ ፔፐር እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነበር።"

"ዓይኔ ደክሟል እኮ። ስንት ገጽ ነው?"

"አሥራ ስምንት። ፊደሉን አተልቄ አትሜ በሰው እልክልዎታለሁ።"

"እንደሱ ከሆነ አብሽሪ፣ ላኪው።"

ለግምገማ የሚከፈል ገንዘብ የለም። እኚህ ሰው ግን ፔፐር ሲመልሱ በእርሳስ የተሞላ ነው። ጆርናላችን የቆመው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ላይ ነው። ስማቸው የትም አይወጣም። ይህ ሁልጊዜ ያሳስበኛል። በዓመቱ መጨረሻ ፈቃደኛ የሆኑትን ሪቪወሮች በስም የምናመሰግንበት ገጽ እንዲኖር ለዋና አዘጋጁ ሐሳብ አቅርቤያለሁ።

ታኅሣሥ 19

አንድ የጤና ፔፐር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። የናሙናው ብዛት 423 ነው። በአገራችን የጤና ጥናት ያነበበ ሰው ይህን ቁጥር ያውቀዋል። 422፣ 423፣ 424። በየፔፐሩ አለ።

ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው። የሚጠናው ነገር ስርጭት 50 በመቶ ነው ተብሎ ይገመታል። የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ፣ የእርግጠኝነት ደረጃው 95 በመቶ ይደረጋል። ቀመሩ 1.96 ሲባዛ በ1.96፣ ሲባዛ በ0.5፣ ሲባዛ በ0.5፣ ሲካፈል ለ0.0025 ነው። 384 ይወጣል። መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ሲጨመርበት 423 ገደማ ይሆናል።

ቀመሩ ስህተት የለበትም። ከዚህ በፊት ጥናት ከሌለ 50 በመቶ ብሎ መገመት ትክክል ነው፤ ትልቁን ናሙና የሚሰጠው እሱ ነውና። ነገር ግን የዚህ ፔፐር መግቢያ ራሱ በተመሳሳይ ከተሞች የተደረጉ ጥናቶችን ይጠቅሳል። ታዲያ ለምን 50? ደግሞ የሚጠኑት ሰዎች በጠቅላላ 600 ያህል ናቸው። ሕዝቡ እንዲህ ሲያንስ ቀመሩ ማስተካከያ አለው፤ 10 በመቶው ሳይጨመር ወደ 235 ይወርዳል። ጸሐፊዎቹ ሊደክሙ ከሚገባው በላይ ደክመዋል። በሌላ በኩል ሰዎቹ የተመረጡት በቀበሌ በቀበሌ ከሆነ ናሙናው መብዛት ነበረበት፤ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ይመሳሰላሉና። ፔፐሩ ስለዚህ ምንም አይልም።

ይህን የምጽፈው ለመጣል አይደለም። ቁጥሩን ከሌላ ፔፐር እንዳላመጡት፣ ራሳቸው አስበው እንደደረሱበት በጽሑፍ እንዲያሳዩኝ እፈልጋለሁ። "ለምን ይህን ቁጥር መረጣችሁ?" የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከሪቪወሩ ሁሉ ኮመንት በላይ ፔፐሩን ያስተካክለዋል።

እግረ መንገዴን፦ በስታቲስቲክስ ፈተና የሚወጣው ዕድል (p) 0.000 ተብሎ ሲጻፍ ሁሉንም ከ0.001 በታች ወደሚለው እቀይራለሁ። ሶፍትዌሩ ያሳጠረው ነው እንጂ ዜሮ የሆነ ዕድል የለም።

ታኅሣሥ 26

ሰሞኑን የሆነውን በደንብ ልጻፈው፤ የዚህ ሥራ ፍሬ ምን እንደሆነ ያሳያልና።

ፔፐሩ ስለ ነርሶች ነው። በአንድ የሥራ ክፍል ያሉ 27 ነርሶች መጠይቅ ሞልተዋል። መልሱ ከ1 እስከ 5 ነው። አንዱ ጥያቄ "በሥራ ላይ ስህተት ሳይ ለኃላፊዬ ያለ ስጋት እናገራለሁ" ይላል። አማካይ ውጤቱ 3.45 ተብሎ ተጽፏል።

ካልኩሌተር አወጣሁ። የእያንዳንዱ ሰው መልስ ሙሉ ቁጥር ነው። ስለዚህ የ27ቱ ድምርም ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት። ድምሩ 93 ከሆነ አማካዩ 3.44 ነው። 94 ከሆነ 3.48 ነው። በመካከል ምንም የለም። በ27 ሰው 3.45 ሊመጣ አይችልም።

ይህን መፈተሻ ኒክ ብራውንና ጄምስ ሄዘርስ የተባሉ ተመራማሪዎች ግሪም ብለው አሳትመውታል። ማካፈል የሚችል ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ትንሽ ናሙና ሲሆን በጣም ይረዳል፤ ሰዎቹ ከመቶ ሲያልፉ ግን ሁለት የአሥርዮሽ ቤት አይበቃውም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ወዲያው ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ለጸሐፊው "የዚህን ረድፍ ድምርና የመላሾቹን ብዛት ላክልኝ" ብዬ ጻፍኩለት። በማግሥቱ መልሱ መጣ። የመለሱት 22 ናቸው። ድምሩ 76 ነው። 76 ለ22 ሲካፈል 3.45 ይመጣል። ቁጥሩ ትክክል ነበር ማለት ነው። አምስቱ ነርሶች ጥያቄውን ዘለውታል። በሌሎቹ ጥያቄዎች ላይ ግን ሁሉም መልሰዋል።

አንዴ እናስበው። "ለኃላፊዬ ያለ ስጋት እናገራለሁ" የሚለውን ጥያቄ፣ እሱን ብቻ፣ አምስት ሰዎች ባዶ ትተውታል። ይህ ከአማካዩ ቁጥር የበለጠ ይናገራል። ጸሐፊው ግን "ያልተሟላ መልስ" ብሎ አልፎት ነበር። ደወልኩለትና ተነጋገርን። ዝም አለ። ከዚያ "እኔ እንደ ጉድለት ነበር ያየሁት፤ ለካ ዋናው ውጤት እሱ ኖሯል" አለኝ። በተሻሻለው ጽሑፍ ሠንጠረዡ ላይ የመላሾቹ ብዛት በየረድፉ ገባ። በውይይቱም ስለ ዝምታው አንድ ሙሉ አንቀጽ ተጻፈ። አሁን ከዕትሙ ፔፐሮች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሐረጎ ላይ ጉም ነበር፤ ታች ስንደርስ ፀሐይ። ከደሴ ካፖርቴን ደርቤ ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ማውለቄ የተለመደ ነው።

የሄድኩት ስለ ወንዝ ውሃ ጥራት ለተጻፈው ፔፐር ነው። ቦርከና ከደሴ ወገን ወርዶ፣ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ከሚሴ ይሄዳል። በመንገዱ ከተማም ፋብሪካም እርሻም ያገኘዋል። ከታች ያለው ሰው ከብቱን የሚያጠጣውና አትክልቱን የሚያለማው በዚሁ ውሃ ነው። ስለዚህ በእኛ አካባቢ የውሃ ፔፐር ሲመጣ በጥንቃቄ አየዋለሁ። ቁጥሩ ከተሳሳተ የሚጎዳው ብዙ ነው። ያለ ጥፋቱ የሚከሰስ ፋብሪካ ሊኖር ይችላል፤ ጥፋቱ ሳይታይ የሚያልፍም እንደዚያው።

ሪቪወሯ የላብራቶሪ ሰው ናት። የሠንጠረዡን አንድ ረድፍ በጣቷ አሳየችኝ። ቢኦዲው ከሲኦዲው ይበልጣል። ቢኦዲ ማለት ጥቃቅን ነፍሳት በውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲበሉ በአምስት ቀን የሚጨርሱት ኦክሲጅን ነው። ሲኦዲ ደግሞ ያንኑ ቆሻሻ በጠንካራ አሲድና በዳይክሮሜት ሲያቃጥሉት የሚያስፈልገው ነው። ኬሚካሉ ነፍሳቱ የሚበሉትንም የማይበሉትንም ያቃጥላል። ስለዚህ በአንድ ናሙና ላይ ሲኦዲ መብለጥ አለበት። ተገልብጦ ከተገኘ አንድ ቦታ የሆነ ነገር አለ።

ቀጥላ እኔ ያላሰብኩትን ጠየቀች። "በአምስቱ ቀን መብራት አልጠፋም?" አለች። የቢኦዲ ጠርሙስ ለአምስት ቀን በጨለማ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ ኢንኩቤተሩ ይቆማል። ኮምቦልቻ ቀን ትሞቃለች፣ ደሴ ሌሊት ትቀዘቅዛለች። ጠርሙሱ የትኛው ከተማ እንደነበረ ራሱ ውጤቱን ይለውጠዋል። ፔፐሩ ግን "በመደበኛው ዘዴ ተለካ" ብቻ ይላል።

የውጭ አገር ሪቪወር ይህን አይጠይቅም። መብራት እንደሚጠፋ በምን ያውቃል? የአካባቢ ጆርናል ለምን ያስፈልጋል ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው። የሚሠራበትን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ።

ጸሐፊዎቹ መልሱን በዝርዝር ላኩ። የተገለበጠው ረድፍ ከደብተር ወደ ኤክሴል ሲገባ የሁለት ናሙና ቁጥር ተቀያይሮ ነው። የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስተው አያይዘዋል። መብራትን በተመለከተ ጄኔሬተር ነበራቸው፤ የሙቀት መጠኑንም በየቀኑ ጠዋትና ማታ መዝግበዋል። መዝገቡ አለ! እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አድርጎ ፔፐሩ ላይ አለመጻፍ ያሳዝናል። አሁን ዘዴው ክፍል ውስጥ ሦስት አረፍተ ነገር ሆኖ ገብቷል።

የካቲት መጨረሻ

ሁለቱም ጾም ገጥሟል፤ ዐቢይ ጾምና ረመዳን። ከተማው ከሰዓት በኋላ ጸጥ ይላል። ሪቪወሮቼም ዘግይተዋል። አልጨቀጨቅሁም፤ ቀኑን በሁለት ሳምንት ገፋሁላቸው።

እኔ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። ሰው ኤዲተር ሲባል ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ሰዋስው የሚያርም ይመስለዋል። ዋናው ሥራ ግን ደብዳቤ ነው፤ ድሮም እንዲሁ ነበር። በ1665 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በለንደን የሮያል ሶሳይቲን ጆርናል የጀመረው ሄንሪ ኦልደንበርግ ቀን ከሌት ከየአገሩ ምሁራን ጋር ይጻጻፍ ነበር። ከውጭ አገር ሰው ጋር በመጻጻፉ ተጠርጥሮ በ1667 የለንደን ግንብ ውስጥ ታስሯል። ሲፈታ ወደ ደብዳቤው ተመለሰ።

የውሳኔ ደብዳቤ ስጽፍ የሪቪወሮቹን ኮመንት ገልብጬ አልልክም። ሁለቱ የማይስማሙበት ነገር ይኖራል። አንዱ "ናሙናው ይብዛ" ይላል፣ ሌላው "በቂ ነው"። ጸሐፊው በመካከል እንዲዋልል መተው አልፈልግም። መጀመሪያ ላይ እኔ የምጽፈው አንቀጽ አለ፦ የግድ የሚስተካከለው ይህ ነው፣ ይህኛው ምክር ነው፣ በዚህኛው ካልተስማማችሁ ምክንያታችሁን ጻፉ። ጸሐፊ ከሪቪወር ጋር ላለመስማማት መብት አለው። ብዙ ወጣቶች ይህን አያውቁም። ኮመንቱን ሁሉ እንደ ትእዛዝ ወስደው ትክክል የነበረውን ያበላሹታል።

በዚህ ሳምንት አንድ ሪቪወር "ይህ ሰው ጥናት መሥራት አይችልም" ብሎ ጽፎ ላከ። በራሴ ሥልጣን ልሰርዘው አልፈለግሁም። ለሪቪወሩ ደውዬ "ስለ ሰውየው ያለውን አውጥተው ስለ ጽሑፉ ያለውን ቢያስቀሩልኝ" አልኩት። "ልክ ነሽ፣ ደክሞኝ ነው የጻፍኩት" አለና አስተካክሎ ላከልኝ። የቀረው ኮመንት በጣም ጠቃሚ ነበር።

መጋቢት 8

አንድ ጸሐፊ ደወለ። የደረጃ ዕድገቱ ማመልከቻ ሊዘጋ ነው። "ተቀባይነት አግኝቷል የሚል ደብዳቤ ብቻ ስጪኝ፣ እርማቱን በኋላ እጨርሳለሁ" ይላል። ጭንቀቱ ይገባኛል። ረዳት ፕሮፌሰር ለመሆን ፔፐር ይቆጠራል። ደመወዝም ልጆችም አሉበት። ደብዳቤውን ግን መስጠት አልችልም። የሰጠሁት "በግምገማ ላይ ነው፣ የመጀመሪያው ዙር አልቋል" የሚል ነው፤ እውነቱ እሱ ነውና። ሪቪወሩንም ቀድሞ እንዲያይለት ለምኜለታለሁ።

በዚህ ጭንቀት የሚነግዱ አሉ። በየቀኑ "በአምስት ቀን እናሳትማለን፣ ክፍያ ይላኩ" የሚል ኢሜይል ይመጣል። ግምገማ የለም፣ ጥያቄ የለም። እንዲህ ያሉትን ለዓመታት ሲዘረዝር የነበረው ጄፍሪ ቢል የሚባል አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበር። ዝርዝሩን በ2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከድረ ገጹ አነሳው። ችግሩ ግን አልተነሳም። ለባልደረቦቼ የምላቸው፦ ማንም ምንም ሳይጠይቃችሁ ፔፐራችሁን ከተቀበለ፣ አላነበበውም ማለት ነው።

ሌላ ፔፐር ላይ ደግሞ ከግምገማ በኋላ አዲስ የጸሐፊ ስም ተጨምሮ መጣ። ምን ሠርቷል ብዬ ጠየቅሁ። "ትብብር አድርጎልናል" አሉ። በዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናሎች ኤዲተሮች ኮሚቴ መስፈርት ጸሐፊ የሚባለው በጥናቱ ላይ ጉልህ ድርሻ ያለው፣ ጽሑፉን የጻፈ ወይም በቁም ነገር ያረመ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ያጸደቀና ለጽሑፉ ተጠያቂ ለመሆን የተስማማ ነው። አራቱም አንድ ላይ። ትብብር ለሆነው የምስጋና ክፍል አለ። ይሉኝታ እንደሆነ አውቃለሁ። አለቃን "አይሆንም" ማለት ለአንድ ጀማሪ መምህር ከባድ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን በጆርናሉ ስም ለሁሉም ጸሐፊዎች አንድ ላይ ላክሁት። "የጆርናሉ ደንብ አይፈቅድም" ማለት ቀለላቸው። ስሙ ወደ ምስጋናው ሄደ።

መጋቢት 20

ከባዱ ፋይል። ጥናቱ የተሠራው ከጦርነቱ በፊት ነው። ሪቪወሩ ጥሬ ዳታውን ማየት ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጸሐፊዋ መልስ አጭር ነው። መጠይቆቹና የፈቃደኝነት ቅጾቹ ቢሮዋ ነበሩ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ቢሮው ተዘረፈ፤ ወረቀቱ ተበትኖ ጠፋ። የተረፈው ቀድማ በኢሜይል ለአማካሪዋ የላከችው የኤክሴል ፋይል ነው።

በዚህ ከተማ ያለ ሰው ታሪኩን አይጠራጠርም። ግን ጆርናል "እናምናታለን" ብቻ ብሎ ማለፍ አይችልም። ደግሞ በጦርነት የተዘረፈችን ሴት ማስረጃ አምጪ ብሎ በሩን መዝጋት ሌላ በደል ነው። ከዋና አዘጋጁ ጋር ረጅም ጊዜ ተነጋገርን። ኤክሴሉን የላከችበትን ኢሜይል ከነቀኑ አየን። የሥነ ምግባር ፈቃዱ ቅጂ ከሰጠው ኮሚቴ ተገኘ። አንድ የስታቲስቲክስ ባልደረባችን ከኤክሴሉ ላይ ሠንጠረዦቹን እንደገና አወጣቸው፤ ገጠሙ።

ወሰንን። ፔፐሩ ይታተማል። የወረቀት መጠይቆቹ እንደጠፉና ለምን እንደጠፉ፣ ውጤቱ ከየትኛው ፋይል እንደተረጋገጠ በግልጽ ይጻፋል። እሷ "ይህ ፔፐሬን አያሳንሰውም?" ብላ ጠየቀችኝ። አያሳንሰውም። አንባቢው የምታውቂውን ያህል ያውቃል፣ ያ ነው የሚፈለገው አልኳት።

ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በፊት

የቋንቋና የቅርጽ እርማት። አሰልቺ የሚባለው ክፍል ነው። እኔ እወደዋለሁ፤ ትልልቅ ነገሮች በትንሹ ውስጥ የሚገኙበት ነውና።

ምሳሌ ልስጥ። አንድ ፔፐር መረጃው የተሰበሰበው "ከመስከረም እስከ ኅዳር 2013" ነው ይላል። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ወሩ ተተርጉሟል፤ ዓመቱ ግን እንዳለ ቀርቷል። የፈረንጁ አቆጣጠር 2020 ነው። ፔፐሩ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ እናቶች ቁጥር ቀንሷል ይላል። 2020 ኮቪድ የገባበት ዓመት ነው። 2013 ብሎ የሚያነብ የውጭ ሰው ቁጥሩ ለምን እንደቀነሰ በፍጹም አይገባውም። አንድ ያልተቀየረ ዓመት ጥናቱን ከምክንያቱ ለይቶት ነበር።

ስምም አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የውጭው ሥርዓት ግን የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳል። አንድ ሰው በአንዱ ፔፐር በአባቱ፣ በሌላው በአያቱ ስም ይመዘገባል። ሥራው ለሁለት ሰው ተከፍሎ ይቀራል። ስለዚህ ጸሐፊዎቻችን ሁሉ ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ መለያ እንዲያወጡ እጠይቃለሁ። ነጻ ነው። ስሙ እንዴትም ቢጻፍ ሥራው ከባለቤቱ ጋር ይቆያል።

ሚያዝያ 30

ዕትሙ ወጣ። የነርሶቹ፣ የውሃውና መጠይቆቿ የጠፉባት ጸሐፊ ፔፐሮች ሁሉም አሉበት። የ423ቱ ፔፐር ወደሚቀጥለው ተሻግሯል፤ ጸሐፊዎቹ የናሙናውን ስሌት እንደገና እየጻፉ ነው። የዕድገት ደብዳቤ የፈለገው ሰውም እርማቱን ጨርሶ፣ ትክክለኛውን የተቀባይነት ደብዳቤ ወስዷል።

በዚህ ዕትም አንድ አዲስ ነገር ሞክረናል። በእያንዳንዱ ፔፐር መጨረሻ የአንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ አለ። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ናቸው የጻፉት፤ እኔ ያረምኩት ጥቂት ነው። መጠይቁን የሞላችው ነርስ፣ ከወንዙ ዳር ውሃ ሲቀዳ ያየው ገበሬ ምን እንደተገኘ ማወቅ አለባቸው። እነሱ ባይተባበሩ ፔፐሩ አይኖርም ነበር።

የውሃውን ማጠቃለያ አትመን ለሚመለከታቸው ሰዎች ሰጠን። ከከተማው በታች የሚሠራ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ዛሬ ደወለልኝ። "ናሙናው የተወሰደው በበጋ ብቻ ነው። በክረምት ጎርፍ ሲመጣስ? እኛ ዘንድ ሰው የሚታመመው ያኔ ነው" አለኝ። ፔፐሩ ላይ መልስ የለም። ጥያቄውን በጽሑፍ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት፤ ማታውኑ በቴሌግራም ላከው። ለጸሐፊዎቹ አስተላልፌዋለሁ። ከመልሳቸው ጋር በሚቀጥለው ዕትም "ለኤዲተሩ የተላኩ ደብዳቤዎች" ክፍል ውስጥ ይወጣል። ጸሐፊዎቹ ክረምት ሳይገባ የት የት ናሙና መውሰድ እንዳለባቸው እንዲነግራቸው የደዋዩን ስልክ ጠይቀውኛል፤ ፈቃዱን አግኝቼ ሰጥቻቸዋለሁ።